ቤንዚኑን የሚከፍል፣ ጭሱንም የሚስብ፦ ስለ ዋሽንግተን ግዛት የካርቦን ሕግ ለቀረበ ጥያቄ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ከሲያትል ወደ ደቡብ ወረድ ብሎ፣ ከአውራ ጎዳናው አጠገብ ነው። መተዳደሪያዬ ከአውሮፕላን ማረፊያ መንገደኛ ማመላለስ ነው። በ2024 የካርቦኑ ሕግ ይሻር አይሻር ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ አይሻር ካሉት አንዱ ነኝ። ነገር ግን ቤንዚን በቀዳሁ ቁጥር እከፍላለሁ፤ ልጄ ደግሞ ዛሬም የአስም መንፊያውን ሳይዝ ትምህርት ቤት አይሄድም። ገንዘቡንም እንከፍላለን፣ ጭሱንም እንስባለን። ተሳስቼ ይሆን? ሕጉ ምኑ ቢታረም ነው ለእኛ ሰፈር ፍትሕ የሚሆነው?»

ምላሽ፦ አልተሳሳቱም ወንድሜ። ሕጉ እንዳይሻር ድምፅ መስጠትዎም ልክ ነው፣ ምሬትዎም ልክ ነው። ሰው ሁሉ ከሁለቱ አንዱን እንዲመርጥ ይገፋል፤ ወይ ሕጉን አመስግን ወይ ቅደደው ይባላል። እኔ የአየር ጥራት መሐንዲስ ነኝ፤ የሥራ ዕድሜዬን የጨረስኩት ከፋብሪካ ጭስ ማውጫና ከመንገድ ዳር የሚወጣውን በመለካት ነው። ከዚያ ተነሥቼ የምለው አንድ ነገር ነው። ይህ ሕግ ለእርስዎ ሰፈር ሁለት ዕዳ አለበት፤ አንዱ የኪስ፣ ሌላው የሳንባ። አንዱን በመክፈል ሌላው አይሰረዝም። እስካሁን የተሠራው ስሕተት በአብዛኛው የሚመጣው የሳንባውን ዕዳ በኪስ ለመክፈል ከመሞከር ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ላስታውስ፤ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው። «ክላይሜት ኮሚትመንት አክት» የተባለው ሕግ በ2021 ጸድቆ ከጃንዋሪ 2023 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ግዛቱ በዓመት ሊለቀቅ በሚችለው ካርቦን ላይ ጣሪያ ያስቀምጣል፤ ጣሪያው በየዓመቱ ዝቅ ይላል፤ በ2050 ልቀቱ ከ1990 መጠን በ95 በመቶ እንዲያንስ ታስቧል። በዓመት 25,000 ቶንና ከዚያ በላይ የሚለቅ ድርጅት ለእያንዳንዱ ቶን ፈቃድ ያስፈልገዋል። ፈቃዱ በጨረታ ይሸጣል፤ የገዛውም ለሌላ መሸጥ ይችላል። ነዳጅ አቅራቢዎች ደግሞ ደንበኞቻቸው ለሚያቃጥሉት ነዳጅ ፈቃድ ይገዛሉ። ማደያ ላይ የሚያገኝዎት ያ ወጪ ነው።

ካርቦን ዳይኦክሳይድ አድራሻ የለውም። በሰሜን ካለው ከአናኮርቴስ የነዳጅ ማጣሪያ ቢወጣም ከእርስዎ መኪና ቢወጣም ምድርን የሚያሞቀው እኩል ነው። ስለዚህ ገበያው «ማንም ይቀንስ፣ የትም ይቀንስ፣ በርካሹ ይቀንስ» ይላል፤ ጉዳዩ የምድር ሙቀት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ የምከራከርበት ነገር አልነበረኝም። ነገር ግን ካርቦን ብቻውን አይወጣም። ናይትሮጅን ኦክሳይድና ደቃቅ ብናኝ ከዚያው ጭስ ማውጫ አብረውት ይወጣሉ፤ እነዚህ አድራሻ አላቸው። ጭስ በሞላው ማድ ቤት እንጀራ የምትጋግር እናት ያስቡ። ጎረቤቷ ምርጥ ምድጃ ገዝታ ማገዶዋን በግማሽ ብትቀንስ ለቀበሌው ደን ትልቅ ነገር ነው። የዚች እናት ዓይን ግን ማልቀሱን አያቆምም። የራሷ ምድጃ እስኪለወጥ ድረስ ያው ጭስ፣ ያው ሳል ነው። የካርቦን ገበያ የቀበሌውን ማገዶ ደምሮ ይቆጥራል እንጂ የማንን ማድ ቤት ጭስ እንደቀነሰ አይጠይቅም።

ደቃቅ ብናኝ የምንመዝንበት ማጣሪያ ክብ ነው፤ ስፋቱ 47 ሚሊሜትር፣ ከቡና ሲኒ አፍ ትንሽ ያንሳል። መሣሪያው ውስጥ ሲገባ እንደ አዲስ ነጠላ ነጭ ነው። 24 ሰዓት ሙሉ አየር ይሳብበትና በወረንጦ ተይዞ ይወጣል። ከጫካ መሐል የመጣውንና የናፍጣ ከባድ መኪና ከሚመላለስበት ጎዳና ዳር የመጣውን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ሚዛን ላይ ከመውጣታቸው በፊት ዓይን ይለያቸዋል፤ ሁለተኛው የምጣድ ማሰሻ ጨርቅ ይመስላል። ከዚያ ጎዳና ዳር የሚያድግ ልጅ ማጣሪያው የሳበውን አየር ነው የሚስበው፤ የእርሱ ማጣሪያ ግን በማግስቱ አይቀየርም።

ካሊፎርኒያ ከእኛ አሥር ዓመት ቀድማ ስለጀመረች ስሕተቱንም ቀድማ አሳይታናለች። ኤቢ 32 የተባለው ሕጓ በ2006 ወጣ፤ የመጀመሪያው ጨረታ በኖቬምበር 2012 ተካሄደ። በግዛት ደረጃ ከታየ ውጤቱ ያማረ ነው። በ2020 ወደ 1990 የልቀት መጠን እንመለሳለን የተባለው በ2016 ተደረሰበት። ይሁንና በ2018 የታተመ ጥናት በየተቋሙ ሲመረምር፣ በፕሮግራሙ የመጀመሪያ ሦስት ዓመታት ከታቀፉት ተቋማት 52 በመቶው በዚያው በግዛቱ ውስጥ የሚለቁት ካርቦን ከቀድሞው ጨምሮ ተገኘ፤ ጭማሪው የታየባቸው ሰፈሮች ደግሞ ድሆችና ነጭ ያልሆኑ ሰዎች የሚበዙባቸው ነበሩ። ኋላ የወጣ ሌላ ጥናት የነፋሱን አቅጣጫና ረዘም ያለ ጊዜን ጨምሮ ሲያሰላ፣ በሰፈሮች መካከል ያለው የብክለት ልዩነት ከ2013 ወዲህ እየጠበበ መሄዱን አሳይቷል። ሁለቱን እያጋጩ የሚከራከሩ አሉ። እኔ ሁለቱንም እቀበላለሁ። ያየሁት ግን ይህን ነው፦ ልዩነቱ ጠቦ ከሆነ የጠበበው ገበያው ወደዚያ ስላዘነበለ እንጂ ሕጉ ስላስገደደ አይደለም። ገበያ ነገ ወደሌላ ሊያዘነብል ይችላል።

በ2017 ደግሞ ካሊፎርኒያ የፈጸመችውን ልውውጥ እኛ እንዳንደግመው ነው የምፈራው። በዚያን ጊዜ የሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ የአየር ጥራት መሥሪያ ቤት በነዳጅ ማጣሪያዎች ላይ የራሱን የልቀት ጣሪያ ሊጥል እየተዘጋጀ ነበር። ሪችመንድ ያለው ማጣሪያ በኦገስት 2012 ተቃጥሎ 15,000 ያህል ሰዎች ወደ ሕክምና መሄዳቸውን ነዋሪው አልረሳውም። የካርቦን ገበያውን ያራዘመው ኤቢ 398 ግን የየአካባቢው የአየር መሥሪያ ቤቶች በገበያው በታቀፉ ተቋማት ላይ የካርቦን ገደብ እንዳይጥሉ ከለከለ። በምትኩ ኤቢ 617 የተባለ ሌላ ሕግ ወጥቶ ዌስት ኦክላንድና ዊልሚንግተንን ለመሰሉ ጭስ ለበዛባቸው ሰፈሮች የአየር መለኪያና የማሻሻያ ዕቅድ ተሰጣቸው። መለኪያው መልካም ነው፤ እኔም በመለካት ነው እንጀራ የምበላው። መለኪያ ግን ጭስን አይቀንስም። ለነዋሪው የተሰጠው ጭሱን የማወቅ መብት ነው፤ የተወሰደበት ጭሱን የማስቆም ሥልጣን ነው።

የዋሽንግተን ሕግ አርቃቂዎች ይህን ሁሉ አይተው ነው የጻፉት፤ ከዚያ በፊትም እዚሁ ሁለት ጊዜ ወድቀው ነበር። በ2016 ገቢውን ሁሉ በግብር ቅነሳ ይመልስ የነበረው የካርቦን ታክስ 59 በመቶው መራጭ ተቃውሞት ወደቀ፤ የተጎዱት ሰፈሮች ድርጅቶችም ለእኛ ምንም አላሰበም ብለው አልደገፉትም። በ2018 ገንዘቡን ለሰፈሮችና ለንጹሕ ኃይል ያውል የነበረው ሁለተኛው ሐሳብ የነዳጅ ኩባንያዎች ከ30 ሚሊዮን ዶላር በላይ አፍስሰውበት ወደቀ። የአሁኑ ሕግ ከእነዚህ ቁስሎች ነው የወጣው። ከገቢው ቢያንስ 35 በመቶ ሸክም ለበዛባቸው አካባቢዎች፣ 10 በመቶ ደግሞ ለነባር ሕዝቦች እንዲውል ያዛል፤ የአካባቢ ፍትሕ ምክር ቤትም አለው። በ2024 ከ100 መራጭ 62ቱ አይሻር ማለታቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

በዚህ ሕግ ውስጥ በጣም የምወደው፣ ስሙ ግን እምብዛም የማይነሣ አንቀጽ አለ። የግዛቱ የሥነ ምኅዳር መሥሪያ ቤት የአየር ብክለት የከበደባቸውን ሰፈሮች እንዲለይ፣ በየሁለት ዓመቱ እንዲገመግማቸው፣ ብክለቱ ካልቀነሰም ጠበቅ ያለ ደንብ እንዲያወጣ ያዝዛል። የሚደረስበትንም ግብ ሲያስቀምጥ፣ የፌዴራሉን የአየር ደረጃ ወይም ሸክም የሌለበት ጎረቤት ሰፈር የሚተነፍሰውን አየር ይላል፤ ከሁለቱ ለጤና የሚሻለውን። ልብ ይበሉ፦ ጎረቤት የሚተነፍሰውን ያህል! መሥሪያ ቤቱ በ2023 እንዲህ ያሉ 16 አካባቢዎችን ለየ፤ ደቡብ ሲያትልና ደቡብ ኪንግ ካውንቲ ከእነርሱ ውስጥ ናቸው። በ2013 በደቡብ ሲያትል ስላለው የዱዋሚሽ ወንዝ ሸለቆ የወጣ ጥናት በሸለቆው ሰፈሮች በጆርጅታውንና በሳውዝ ፓርክ የሚኖር ሰው አማካይ ዕድሜ ወደ 73 ዓመት፣ በሀብታሞቹ ሰፈር በሎረልኸርስት የሚኖረው ወደ 86 እንደሆነ አስልቷል። በአንድ ከተማ ውስጥ 13 ዓመት። አየር ብቻውን ይህን አላደረገም፤ ድህነትና የሕክምና እጦት አብረውት አሉ። አየሩ ግን አንዱ ነው፤ የሚታወቅና የሚለካም ነው።

ስለዚህ የመጀመሪያው እርማት አዲስ ሕግ አይጠይቅም። ለ16ቱ አካባቢዎች ለእያንዳንዳቸው «የጎረቤት አየር» የሚደረስበት ቀን ተቆርጦ በይፋ ይለጠፍ፤ ቀኑ ሲያልፍ ምን እንደሚደረግም አብሮ ይጻፍ። ቀን ያልተቆረጠለት ግብ ቀብድ እንዳልተከፈለበት ሠርግ ነው፤ ሁሉም ይመጣል ይላል እንጂ ድንኳን የሚተክል የለም።

እዚህ ላይ አንዳንድ የፍትሕ ተሟጋች ወዳጆቼን የማያስደስት ነገር ልናገር። «በየፋብሪካው ላይ ጣሪያ ይጣል፣ በተጎዱ ሰፈሮች ውስጥ ፈቃድ መግዛት ይከልከል» የሚለው መድኃኒት ለሪችመንድና ለዊልሚንግተን ትክክለኛ መድኃኒት ነው፤ እዚያ በሽታው ከጭስ ማውጫው ይመጣል። በእርስዎ ሰፈር ግን አብዛኛው ጭስ የሚመጣው ከሚንቀሳቀስ ሞተር ነው፤ ኢንተርስቴት 5 ከሚባለው አውራ ጎዳና፣ ወደ ወደቡ ከሚመላለሰው የናፍጣ ከባድ መኪና፣ ከአውሮፕላኑ። በያኪማ ሸለቆ ደግሞ በክረምት የሚነደው የእንጨት ምድጃ አለበት። የፋብሪካውን ጣሪያ ብቻ ይዘን ብንሄድ ልጅዎ ያው መንፊያውን እንደያዘ ነው። ለደቡብ ሲያትል የሚያስፈልገው ከካርቦን ገቢው ተቆርጦ የተቀመጠ ገንዘብ ኮንቴይነር የሚጎትቱትን አሮጌ ከባድ መኪናዎች ለመቀየር እንዲውል፣ ይህም ከወደቡ በር ሳይሆን ከሰፈሩ ጎዳና እንዲጀምር ነው። ባለ ከባድ መኪናዎቹ ብዙዎቹ እንደ እርስዎ ስደተኞች ናቸው፤ መኪናው በብድር የተያዘ ነው። ሙሉ ወጪው ካልተሸፈነላቸው የአንዱን ድሃ ሳንባ ለማዳን የሌላውን ድሃ እንጀራ መውሰድ ይሆናል።

ፋብሪካዎቹን ግን ነጻ አላወጣኋቸውም። በዱዋሚሽ ዳር ብረት የሚያቀልጥና ሲሚንቶ የሚሠራ አለ፤ ወደ ሰሜን ደግሞ የነዳጅ ማጣሪያዎቹ አሉ። ሕጉ «ብዙ የሚለቁና የውጭ ውድድር ያለባቸው» ለሚላቸው እንዲህ ላሉ ድርጅቶች ፈቃዱን በነጻ ይሰጣል፦ እስከ 2026 ከመነሻ መጠናቸው 100 በመቶውን፣ ከ2027 እስከ 2030 97 በመቶውን፣ ከዚያ እስከ 2034 94 በመቶውን። ምክንያቱን አልንቀውም። ፋብሪካው ተነቅሎ ሕግ ወደሌለበት ቢሄድ ሠራተኛው ሥራ ያጣል፣ ጭሱም ሌላ ቦታ ይጨሳል። ግን ልዩነቱን ይዩት፦ እርስዎ ለእያንዳንዱ ጋሎን እየከፈሉ፣ ከሰፈርዎ አጠገብ ያለው ትልቁ ጭስ ማውጫ ፈቃዱን በነጻ ይቀበላል፤ በምላሹም ለሰፈሩ ምንም ቃል አልገባም። ሁለተኛው እርማት ይህ ነው። ነጻ ፈቃድ ውለታ ነው፤ ውለታ ደግሞ ውል ይኑረው። ከ16ቱ አካባቢዎች ውስጥ ወይም አጠገብ ያለ ድርጅት ነጻ ፈቃዱን ሙሉውን የሚያገኘው ደቃቅ ብናኙና ናይትሮጅን ኦክሳይዱ ከዓመት ዓመት ከቀነሰ ብቻ ይሁን። ካልቀነሰ የሚቀነስበት ፈቃድ በጨረታ ተሽጦ ገንዘቡ ለዚያው ሰፈር ይሁን። ሥራውም አይነቀልም፣ ጭሱም ይቀንሳል።

ስለ ማካካሻ ብዙ አልልም። አንድ ድርጅት ልቀቱን በመቀነስ ፋንታ ሌላ ቦታ ያለ የደን ወይም የግብርና ፕሮጀክት ገንዘብ በመክፈል ከግዴታው ጥቂቱን ሊሸፍን ይችላል፤ በእኛ ሕግ በመጀመሪያው ዘመን 5 በመቶ፣ በነባር ሕዝቦች መሬት ከሆነ ተጨማሪ 3 በመቶ። ማካካሻ ጥቅም ላይ በዋለ ቁጥር በዚያው ልክ ፈቃድ ከጣሪያው ላይ ይቀነሳል፤ ካሊፎርኒያ ይህንኑ የተቀበለችው ፕሮግራሟን እስከ 2045 ባራዘመው የ2025 ሕግ ነው። በዚህ ቀድመናታል።

የሚያሳስበኝ ከካሊፎርኒያና ከኩቤክ ጋር ገበያችንን ለማገናኘት የተጀመረው ሥራ ነው፤ በ2024 የወጣ ሕግ መንገዱን ጠርጎለታል። ለእርስዎ ኪስ ጥሩ ይመስላል፤ በ2023 ለምሳሌ የእነርሱ ፈቃድ ከእኛው በብዙ ይረክስ ነበር፣ ሰፊ ገበያ ደግሞ ዋጋን ያረጋጋል። በሬ ሆይ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ የተባለው ግን ለዚህ ነው። ፈቃዱ ሲረክስ እዚህ ከመቀነስ ይልቅ ከዚያ መግዛት ይቀላል፤ የጨረታው ገቢ ይቀንሳል፤ ከገቢው 35 በመቶ የተባለለት ሰፈርም ከትንሹ 35 በመቶውን ነው የሚያገኘው። ሕጉ ግንኙነቱ የተጎዱ ማኅበረሰቦችን «በጥቅሉ» እንዳይጎዳ ይላል። «በጥቅሉ» የምትለዋን ቃል እፈራታለሁ። በጥቅሉ ሲታይ ካሊፎርኒያም ተሳክቶላታል። ስምምነቱ ከመፈረሙ በፊት ለ16ቱም አካባቢዎች ለየብቻ ተሰልቶ እንዲቀርብ መጠየቅ አለብን።

አሁን ወደ ኪስዎ። በዓመት 40,000 ማይል ቢነዱ፣ ሀይብሪድ መኪናዎ በጋሎን 40 ማይል ቢሄድ፣ 1,000 ጋሎን ያቃጥላሉ። ከአንድ ጋሎን ቤንዚን ወደ 8.9 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ ባጠቃላይ ወደ 9 ቶን ይጠጋል። ፈቃዱ በቶን 50 ዶላር ቢሸጥና ነዳጅ አቅራቢው ሙሉውን ወደ ማደያው ቢያሻግረው በዓመት እስከ 445 ዶላር ይደርስብዎታል። ዋጋው ደግሞ አንድ ቦታ አይቆምም፦ በመጀመሪያው ጨረታ፣ በፌብሩዋሪ 2023፣ 48.50 ነበር፤ በዚያው ዓመት ኦገስት 63.03 ደረሰ፤ በማርች 2024 ወደ 25.76 ወረደ። ቢሮ ውሎ ለሚገባ ሰው ይህ ቁጥር ነው፤ መሪ ጨብጦ ለሚያድር ሰው የኪራይ መዋጮ ነው።

ተመላሽ ማድረግ አይቻልም የሚሉዎትን አይስሙ። ሕጉ የእርሻ ነዳጅን ከክፍያ ነጻ ብሎ ሳለ ገበሬዎች ማደያ ላይ ሲከፍሉ ቆይተው ጮኹ፤ የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት 30 ሚሊዮን ዶላር መድቦ እንደ ፍጆታቸው ከ600 እስከ 4,500 ዶላር እንዲመለስላቸው አደረገ። ገበሬው የሚገባውን አግኝቷል። መንገዱ ካለ ግን በመኪና ለሚተዳደር ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሾፌርም ሊከፈት ይችላል፤ የሚነዳው ማይል በመተግበሪያውና በግብር ሰነዱ ላይ ተጽፎ የተቀመጠ ነው። በ2024 ለዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ቤተሰቦች በኤሌክትሪክ ሒሳባቸው ላይ የተቀነሰው 200 ዶላር፣ ዕድሜያቸው እስከ 18 የሆነ ልጆች በሕዝብ ትራንስፖርት በነጻ መሳፈራቸውም ከዚሁ ገቢ እየተደገፈ የመጣ ነው፤ ልጅዎ ከተጠቀመበት የእርስዎ ገንዘብ በከፊል የተመለሰው በዚያ ነው።

በዚያው ዓመት ግዛቱ ለኤሌክትሪክ መኪና የሰጠው ድጎማ ግን ሲነደፍ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ጠረጴዛው ላይ እንዳልነበረ ያሳያል። ትልቁ ገንዘብ፣ እስከ 9,000 ዶላር፣ ለሦስት ዓመት አዲስ መኪና ለሚከራይ ነበር፤ ያገለገለ ለሚገዛ 2,500። የኪራይ ውል ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የማይል ገደብ አለው፤ መንገደኛ የሚያመላልስ ሰው የዓመቱን ማይል በአራት ወር ይጨርሰዋል። ያንንም ብናልፈው፣ አፓርታማ ውስጥ የሚኖር ሾፌር ሌሊት መኪናውን የት ይሰካዋል? ድጎማው ያገለገለ መኪና ላይ ይክበድ፤ ቻርጅ ማድረጊያውም በአፓርታማ ግቢዎች ይተከል። ሦስተኛው እርማት ይህ ነው፤ ከሦስቱም በፍጥነት ሊፈጸም የሚችለው እርሱ ነው።

የአካባቢ ፍትሕ ምክር ቤቱ ስብሰባዎች ለሕዝብ ክፍት ናቸው፤ ሥነ ምኅዳር መሥሪያ ቤቱም ደንብ ሲያወጣ አስተያየት ይቀበላል። አስቀድመው የአማርኛ አስተርጓሚ ይጠይቁ። ሲናገሩ ስለ ምድር ሙቀት አይናገሩ፤ እርሱን የሚናገር ሞልቷል። ከዛሬ ጀምሮ ልጅዎ መንፊያውን የተጠቀመበትን ቀንና ሰዓት፣ ነፋሱ ከጎዳናው በኩል ይነፍስ እንደነበር በአንድ ደብተር ላይ ይጻፉ። የጎረቤት ልጆችም ካሉ እናቶቻቸው እንዲሁ ያድርጉ። ሦስት ወር ሲሞላ ደብተሩን ይላኩልኝ፤ በቅርብ ያለው የመለኪያ ጣቢያ በእነዚያ ሰዓታት የመዘገበውን ቁጥር ከጎኑ የማስቀመጥ ሥራ የእኔ ነው።